ዘርቶ የማይሄድ አቅራቢ፦ የብሪታንያ ተመልካቾች ከቢቢሲ የሚጠይቁት

በቴሌቪዥን አትክልት የሚተክል ሰው ጠላት ያፈራል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ችግኝ ያፈላል፣ አረም ይነቅላል፣ ጽጌረዳ ይገርዛል፣ ደህና እደሩ ብሎ ይሰናበታል። በብሪታንያ ግን ይህ ሰው ከሚኒስትር ባልተናነሰ ዓይን ይመረመራል። ያንን አሮጌ ኮት ለምን ለበሰ? ውሻው ከአበባው በላይ ለምን ታየ? ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው በረንዳው ላይ ሦስት ማሰሮ አበባ ስላለው ሰው ምን ያውቃል? ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው እሱ የተመረጠው?

ፕሮግራሙ «ጋርደነርስ ወርልድ» ይባላል፤ «የአትክልተኞች ዓለም» እንደማለት ነው። በቢቢሲ ሁለት መታየት የጀመረው ጃንዋሪ 5 ቀን 1968 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከማርች እስከ ኦክቶበር ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ምሽት ይቀርባል። አያት ያየውን የልጅ ልጅ እያየው ነው። አቅራቢ በተቀየረ ቁጥር፣ ቦታው በተዛወረ ቁጥር፣ ሰዓቱ በስፖርት ውድድር በተገፋ ቁጥር ደብዳቤ ይጎርፋል፤ ጋዜጣም ይቀባበለዋል።

ለውጭ ሰው ይህ የጡረተኞች ወግ ሊመስል ይችላል። ከጀርባው ያለው ግን የገንዘብና የእምነት ጉዳይ ነው። በብሪታንያ ማንኛውንም ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት የሚያይ ቤተሰብ ለቢቢሲ የሚውለውን የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ የመክፈል ግዴታ አለበት። በኤፕሪል 2025 ክፍያው በዓመት 174.50 ፓውንድ ደርሶ ነበር። ሳይከፍል ሲያይ የተገኘ ሰው በወንጀል ተከሶ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ የብሪታንያ ተመልካች ካልጣመው ጣቢያ ቀይሮ የሚገላገል ተራ ደንበኛ አይደለም። ቢቀይርም ባይቀይርም ከፍሏል።

በዚህ ላይ ቢቢሲ የሚተዳደርበት ንጉሣዊ ቻርተር በ2027 መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ጣቢያው በማን ገንዘብ ይኑር የሚለው ክርክር እንደገና ተከፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «የሕዝብ ጣቢያ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው ከዜና ይልቅ የሚቀርበው ማስረጃ እንዲህ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ነጋዴ ጣቢያ የማይሠራውን ይሠራል ወይስ አይሠራም? የአትክልት ፕሮግራሙ ተመልካቾች ይህን ፈተና ሳይጠሩት ለሃምሳ ምናምን ዓመት ሲያርሙት ኖረዋል። ከዚያ ሁሉ ቅሬታ ውስጥ የትኛው እንደሚደመጥ መለየት ነው ከባዱ።

▪️ ስለ ሰውየውና ስለ ሥራው

የተመልካች አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስለ ሰውየው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሥራው። የመጀመሪያው ዓይነት ምን ያህል ከንቱ እንደሚሆን ለማየት የቻርሊ ዲሞክን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል።

በ1997 ቢቢሲ «ግራውንድ ፎርስ» የተባለ ሌላ ፕሮግራም ጀመረ። ባለቤቱ ከቤት ወጥቶ ሳለ አንድ ቡድን ጓሮውን በሁለት ቀን ገልብጦ አዲስ ያደርገዋል። ዲሞክ የቡድኑ የውሃ ሥራ ባለሙያ ነበረች። ኩሬ ትቆፍራለች፣ ድንጋይ ትሸከማለች፣ ፏፏቴ ትሠራለች። ለዓመታት ስለ እሷ የተጻፈው ግን በአብዛኛው ጡት መያዣ ስለማድረጓና ስላለማድረጓ ነበር። የሠራችው ኩሬ ከስድስት ወር በኋላ አልጌ ወረሰው ወይስ ዓሣ ኖረበት የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን እሱ ነበር። በሁለት ቀን የተሠራ ጓሮ ለካሜራ ያምራል፤ ተክል ግን በሁለት ቀን ሥር አይሰድም።

ሁለተኛው ዓይነት አስተያየት ይህን ይመስላል፦ የተሰጠው ምክር በእኔ አፈር ይሠራል? ባለፈው ወር የተተከለው የት ደረሰ? ይህን መርጨት እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው ከሻጩ የተከፈለው ነገር አለ? እነዚህ ጥያቄዎች አሰልቺ ናቸው፤ ጋዜጣም አይሸጡም። የፕሮግራሙን ታሪክ የቀየሩት ግን እነሱ ናቸው።

▪️ ዲፕሎማው አይደለም

ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። «አቅራቢው የተማረ አትክልተኛ መሆን አለበት» ይላል። አባባሉ ተገቢ ይመስላል፤ የፕሮግራሙ ታሪክ ግን አይደግፈውም።

ከ1969 እስከ 1976 የመራው ፐርሲ ትሮወር ሙያውን ከሥር የቀሰመ ሰው ነበር። አባቱ የአንድ ትልቅ ቤት ዋና አትክልተኛ ነበር። ልጁም በዊንዘር በንጉሡ አትክልት ስፍራ ሠርቷል፤ ከ1946 እስከ 1974 ደግሞ የሽሩዝበሪ ከተማ ፓርኮች ኃላፊ ነበር። ከ1996 እስከ 2002 ያቀረበው አለን ቲችማርሽ በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ የማዘጋጃ ቤት ችግኝ ጣቢያ ተለማማጅ ሆነ፤ በኋላም በኪው ተማረ። በ2008 የመጣው ቶቢ ባክላንድ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ስፍራ የሠራ ባለሙያ ነው።

ሞንቲ ዶን ግን በካምብሪጅ የተማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ከባለቤቱ ጋር የጌጣጌጥ ንግድ ከፍቶ ከስሯል። አትክልተኝነትን የተማረው በራሱ ነው። በ2003 ፕሮግራሙን ሲረከብ መደበኛ የሙያ ሥልጠና የሌለው የመጀመሪያው መሪ አቅራቢ ሆነ። በ2008 መለስተኛ ስትሮክ አጋጥሞት ወጣ፤ በ2011 ተመልሶ መጣ። የሠለጠነው ባክላንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሸኘ፤ ያልሠለጠነው ተጠርቶ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። መለኪያው ዲፕሎማ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ይሆን ነበር።

መለኪያው ምንድን ነው ታዲያ? መልሱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። ትሮወር ካሜራውን ሽሮፕሸር ወዳለው «ማግኖሊያስ» ወደሚባለው የራሱ ቤት አስገባው። ከ1979 እስከ 1996 ያቀረበው ጄፍ ሃሚልተን በራትላንድ «ባርንስዴል» ከተባለው የራሱ ቦታ ያስተላልፍ ነበር። ቲችማርሽ ከሃምፕሸር መኖሪያው፣ ዶን ከ2011 ጀምሮ ሄርፎርድሸር ካለው «ሎንግሜዶ» ያቀርባል። ሰው የሚወዳቸው አቅራቢዎች ዝርዝር በአብዛኛው በራሳቸው ጓሮ የቆሙ ሰዎች ዝርዝር ነው።

ቅሬታው የበረታው ለቀረጻ ተብሎ በተያዘ ቦታ ላይ ነበር። ከ2003 ጀምሮ ፕሮግራሙ «በሪፊልድስ» ወደተባለ ቦታ ገባ፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በርሚንግሃም ወዳለው «ግሪንኤከር» ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ትምህርቱ ቀለለ፣ ተመልካች እንደ ሕፃን ተቆጠረ የሚል ቅሬታ በጋዜጦች ሳይቀር ወጣ። የባክላንድ ችሎታ አልነበረም የጎደለው። በሪፊልድስም ቢሆን ዶን ብዙ ወዳጅ ነበረው። ቦታው ግን የማንም ቤት አልነበረም። ክረምት ላይ ካሜራው ሲሄድ ማን እንደሚቀር፣ የታመመውን የፖም ዛፍ ማን እንደሚያስታምም ተመልካቹ አያውቅም። የማንም ያልሆነ ጓሮ ውስጥ የሚሰጥ ምክር የማንም ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አለ፤ ሐሳቡን የሚያጠራውም እሱ ነው። በስኮትላንድ ከ1978 ጀምሮ «ቢችግሮቭ ጋርደን» የተባለ ፕሮግራም አለ። በአበርዲን አካባቢ ያለው ጓሮው የማንም መኖሪያ አይደለም፤ ለቀረጻ የተሠራ ነው። ሆኖም ስኮትላንዶች ይወዱታል። ምክንያቱ ባለቤትነት ሳይሆን መቆየት ነው። ጂም ማኮል ከመጀመሪያው ፕሮግራም ጀምሮ እስከ 2019 ድረስ አቅርቦታል። በሰሜኑ ብርድና ንፋስ የሞተው ተክል ሲሞት ይታያል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስለ እሱ ይወራል። ተመልካች የሚያምነው ሰው ዘርቶ የማይሄድ ሰው ነው። የራስ ቤት መሆኑ ለዚህ ጥሩ መያዣ ነው እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

▪️ የተወደደው ሰው ሲባረር

ትሮወር በአገሩ የመጀመሪያው ዝነኛ የቴሌቪዥን አትክልተኛ ነበር። ፒፓውንና ኮቱን የማያውቅ አልነበረም። ቢቢሲ ግን በ1976 ከ«ጋርደነርስ ወርልድ» አወጣው። ምክንያቱ በንግድ ቴሌቪዥን ለአይ ሲ አይ እህት ድርጅት፣ ለፕላንት ፕሮቴክሽን፣ ማስታወቂያ መሥራቱ ነበር። ድርጅቱ የሚሸጠው የአትክልት ኬሚካል ነው።

ብዙ ተመልካች አዘነ፤ ማዘኑም አይፈረድበትም። ሰውየው ውሸታም አልነበረም። በኬሚካል ያምን ነበር፤ ከማስታወቂያው በፊትም መርጨትን በግልጽ ይመክር ነበር። ቢቢሲ ራሱ ብሉ ፒተር በተባለው የልጆች ፕሮግራሙ ላይ እስከ 1980ዎቹ አቆይቶታል። ስለዚህ ለውሳኔው መነሻ የሆነው ጥላቻ አልነበረም።

ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። ማክሰኞ ማታ በአንድ ጣቢያ «ይህን ግዙ» ያለ ሰው ዓርብ ማታ በሕዝብ ገንዘብ «ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ ርጩበት» ቢል፣ ተመልካቹ የትኛው ሰው እንደሚያናግረው በምን ያውቃል? ትሮወር ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ ጥርጣሬው ይቀራል። ጥርጣሬ የገባበት ምክር ደግሞ ትክክል ቢሆንም አይጠቅምም። የተመልካች ፍቅር ለአቅራቢው ትልቅ ሀብት ነው፤ ሊሸጥ የሚችል ሀብትም ነው። ለዚህ ነው ፍቅሩ በበዛ ቁጥር ደንቡ መጥበቅ ያለበት።

ቢቢሲ ለራሱ ስም ይህን ያህል ጥብቅ ሆኖ መቀጠሉ ያጠያይቃል። በ1991 በፕሮግራሙ ስም መጽሔት ተጀመረ፤ ማስታወቂያ ያወጣል። በፕሮግራሙ ስም በርሚንግሃም ውስጥ የሚካሄድ ዓመታዊ ትርኢትም አለ፤ ሻጮች ድንኳን ተክለው ይሸጡበታል። በሕግ በኩል ስህተት የለበት ይሆናል። ነገር ግን በ1976 አንድ አዛውንት አትክልተኛ የተከለከለው ነገር በ1991 ለስሙ ባለቤት ተፈቅዷል። «ሁለት ሚዛን ነው» የሚል ተመልካች ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሥራው ነው የሚናገረው። ሊደመጥ ይገባዋል።

▪️ ርካሹ መንገድ

ሃሚልተን የተወደደው ቆንጆ ስለነበረ አይደለም። ወጪ የሚቀንስ ሰው ነበር። በሱቅ ውድ የሆነውን ዕቃ ከቁርጥራጭ እንጨት ራሱ ሠርቶ ያሳይ ነበር። በባርንስዴል ጎን ለጎን ሁለት ጓሮዎችን ሠርቷል። አንደኛው ገንዘብ ላለው ሰው፣ ሁለተኛው ለሠራተኛው ሰው ተብሎ በትንሽ ወጪ የተሠራ። ሁለቱም ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። በዚያ አንድ ሥራ ውስጥ ስንት ቅሬታ ተመለሰ! «እኔ እንደ አንተ ሀብታም አይደለሁም» የሚለው ተመልካች የራሱን ጓሮ በቴሌቪዥን አየ።

በኬሚካል ላይ የነበረው አቋምም ከትሮወር ተቃራኒ ነበር። ያለ ኬሚካል ማልማትን ይሰብክ ነበር። ፒት መጠቀምንም ተቃውሟል። ፒት ማለት በረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ከተከማቸ ዕፅ ተቆፍሮ የሚወጣ አፈር ነው፤ ችግኝ አፍዪዎች ይወዱታል። ረግረጉ ግን ብዙ ካርቦን አምቆ ይዟል፤ ሲቆፈር ይለቀዋል። ሃሚልተን በ1996 በዌልስ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ የብስክሌት ጉዞ ላይ በልብ ድካም ሞተ። የእንግሊዝ መንግሥት ለቤት አትክልተኞች የፒት ሽያጭን እስከ 2024 እንደሚያግድ ያስታወቀው በ2022 ነው፤ ቀነ ገደቡም ሕጉ ሳይወጣ አለፈ። መንግሥት የዘገየበትን ነገር አንድ አቅራቢ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በዓርብ ምሽት ያስተምር ነበር። ይህን ሊያደርግ የቻለው አፈር የሚሸጥ ድርጅት ከፋዩ ስላልነበረ ነው። የፈቃድ ክፍያው ጥቅም ይህ ነው።

▪️ የሎንግሜዶ ችግር

ዶን ከሃሚልተን በኋላ በጣም የተወደደ አቅራቢ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ድባቴ ሕመሙ በግልጽ መናገሩ ብዙ ሰው አቅርቦታል። ናይጄል የተባለው ውሻው በሜይ 2020 ሲሞት ዜና ሆነ። «የምናየው ጓሮ ነው ወይስ ውሻ?» የሚሉ አጉረምራሚዎች አሉ፤ እነሱን ማለፍ ይቻላል። ውሻ ያለበት ጓሮ ሰው የሚኖርበት ጓሮ ነው።

የማይታለፈው ቅሬታ ስለ ስፋቱ ነው። ሎንግሜዶ 8,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከካሜራ ጀርባ የሚያግዙ አትክልተኞች አሉ። ግሪን ሃውስ አለ፣ ኩሬ አለ፣ የፍራፍሬ ቦታ አለ። ለንደን ውስጥ በአፓርታማ የሚኖር ከፋይ ይህን ሲያይ ይደሰት ይሆናል፤ የሚማረው ግን ትንሽ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የኢትዮጵያ ተክል ነው። ዶን በበጋ ከሚተክላቸው ትላልቅ ቅጠሎች አንዱ ቅጠለ ቀዩ እንሰት ነው። የብሪታንያ አትክልተኞች «የአቢሲኒያ ሙዝ» ይሉታል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሐዲያና በወላይታ የሚሊዮኖች ቀለብ የሆነው ተክል እዚያ ጌጥ ነው። ውርጭ ስለማይችል ክረምት ከመግባቱ በፊት ተነቅሎ ወደ ሙቅ ቦታ መግባት አለበት። ሙቅ ቦታ የሌለው ተመልካች በየዓመቱ አዲስ ይገዛል ወይም ይተወዋል። እንሰት እንዴት እንደሚያምር ለማወቅ አንድ በጋ ይበቃል። መቼ እንደሚዛወር፣ መቼ እንደሚደርስ፣ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቆጮው ስንት ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቆይ የምታውቀው ግን ለዓመታት አብራው የኖረች የጉራጌ እናት ናት። ያ ዕውቀት ከመጽሐፍ በፊት ከጓሮ የመጣ ነው። የብሪታንያው ተመልካች ከአቅራቢው የሚጠብቀውም የዚህ ዓይነቱን ዕውቀት ነው፦ ያለችውን ትንሽ መሬት ዕድሜ ልኩን የሚያውቃት ሰው።

ሌላም የሚነሳ ጥያቄ አለ። ከ1968 ጀምሮ ፕሮግራሙን በቋሚነት የመሩት ሰዎች ስም ሲቆጠር፣ ከኬን በራስ እስከ ሞንቲ ዶን፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ዶን በ2008 ሲታመም ፕሮግራሙን ደግፋ ያቆመችው ካሮል ክላይን ነበረች። ችግኝ በማፍላት ከእሷ የሚበልጥ አቅራቢ ማግኘት ይከብዳል። ቋሚ መሪ ሲፈለግ ግን ቦታው ለባክላንድ ተሰጠ። ዲሞክ በልብሷ፣ ክላይን በዝምታ ተመዘኑ። ይህን የሚያነሳ ተመልካች ስለ መልክ እያወራ አይደለም። በሃምሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ዕድሉ ለማን እንደተሰጠ እየቆጠረ ነው።

▪️ ተመልካቹ ራሱ ሲቀርብ

መልሱ የመጣው ሳይታሰብ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ቤት ሲዘጋ የቀረጻ ቡድን እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አልቻለም። ፕሮግራሙ ተመልካቾች ጓሯቸውን በስልካቸው ቀርጸው እንዲልኩ ጠየቀ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ በንፋስ ይቆራረጣል። ይዘቱ ግን ለዓመታት ሲጠየቅ የነበረው ነበር፦ በረንዳ፣ የመስኮት ሳጥን፣ የጋራ ግቢ፣ ከግንብ ጋር የተጣበቀች ጠባብ መደብ። ልጆች ቲማቲም አሳዩ፤ አዛውንቶች አርባ ዓመት የያዙትን ጽጌረዳ አሳዩ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም የተመልካች ቪዲዮ የፕሮግራሙ አንድ ክፍል ሆኖ ቀረ።

በዚያ ዓመት ቪዲዮ ከላኩት አንዷ ሱ ኬንት ነበረች። ታሊዶማይድ በተባለው መድኃኒት ምክንያት እጆቿ አጭር ሆነው ነው የተወለደችው፤ በእግሮቿ ጭምር ትተክላለች። ፕሮግራሙ ጠራት፤ ከአቅራቢዎቹ አንዷ ሆነች። ስለ መሣሪያ አያያዝ፣ መደብ ከፍ አድርጎ ስለ መሥራት፣ ጎንበስ ሳይሉ ስለ ማረም የምትናገረው በየቀኑ ከምትኖረው ነው። ወገቡን የሚያመው አዛውንት ከእሷ የሚማረው ብዙ ነው። የስቱዲዮ ሰዎች ተሰብስበው «የተለያየ ሰው እናምጣ» ብለው ቢመርጡ ይህን ያህል አይሳካላቸውም ነበር። በሩ ተከፈተ፤ የሚያውቅ ሰው ገባ።

ይህ ማለት ሁሉም ተመልካች ያቅርብ ማለት አይደለም። የስልክ ቪዲዮ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ተክሉ ለምን እንደሞተ የሚነግር፣ የተሳሳተ ዘዴን ይህ አይሠራም የሚል ባለሙያ ያስፈልጋል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ የተሳካውን ብቻ የማሳየት ፈተናም አለበት። ሆኖም በ2020 የታየው ነገር አንድ ጉዳይ አረጋግጧል፤ ተመልካቹ ለዓመታት «የእኔ ጓሮ የት አለ?» ሲል የነበረው ምቀኝነት አልነበረም።

▪️ ቀጣዩ ማን ይሁን?

ዶን በ2025 70 ዓመት ሞላው። ዛሬም ይሁን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ስም ይጠራል፤ ጋዜጦች ፎቶ ይደረድራሉ፤ ማን ያምራል፣ ማን ያስቃል፣ ማን ወጣት ነው ይባላል። ቢቢሲም በ2008 እና በ2009 እንዳደረገው ፊትንም ቦታንም ቀይሮ ሰው እንዲለምደው ይጠብቅ ይሆናል። ያ መንገድ ከዚህ በፊት ተሞክሮ አላዋጣም።

ለሃምሳ ምናምን ዓመት የተነገረውን በጥሞና ለሰማ ሰው የሚፈለገው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ቀጣዩ መሪ ጓሮ ተራ ሰው ያለው ዓይነት ጓሮ ይሁን፤ ከመንገድ የሚታይ፣ ጎረቤት ጥላ የሚጥልበት፣ አንድ ሰው ከሥራ መልስ የሚጨርሰው። ሎንግሜዶን የመሰለ ውብ ቦታ እየተጎበኘ ሊታይ ይችላል፤ ትምህርቱ ግን ከትንሹ ይምጣ። ሁለተኛ፣ አቅራቢዋ ወይም አቅራቢው በዚያ ጓሮ ለዓመታት ይቆዩ፤ የሞተውም ይታይ። ሦስተኛ፣ ወጪው ይነገር። «ይህን መደብ ለመሥራት ይህን ያህል ወጣ» ማለት ሃሚልተንን አላሳነሰውም። አራተኛ፣ ትሮወርን ያስወጣው ደንብ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፕሮግራሙ ስምም ይሥራ።

«ጠባብ ጓሮ በቴሌቪዥን አያምርም» የሚል አዘጋጅ ይኖራል። በእርግጥ ካሜራ ሰፊ ቦታ ይወዳል። ግን ማማር ብቻ የሚፈልግ ተመልካች ክፍያ የማያስፈልገው ብዙ አማራጭ አለው፤ በስልኩ ቀኑን ሙሉ ውብ አበባ ሊያይ ይችላል። በሕግ ተገዶ ለሚከፍል ሰው የሚገባው ከዚያ የበለጠ ነው። ጎረቤቱ ሊሠራው የሚችለውን፣ በእሱ አፈር የተሞከረውን፣ ማንም ሳይከፍለው የተነገረውን ምክር ማግኘት አለበት።

ተመልካችም የራሱን ድርሻ ይወጣ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ኮቱን፣ ውሻውን፣ ጡት መያዣውን የሚያነሳ ደብዳቤ ለጣቢያው ማምለጫ ይሰጠዋል። አለቆቹ «ሰው መቼም አይረካም» ብለው ትክክለኛውን ቅሬታ ከከንቱው ጋር አብረው ይጥሉታል። በምትኩ «በግንቦት የነገራችሁኝን ተከልኩ፤ በነሐሴ ደረቀ፤ ለምን?» የሚል አንድ ደብዳቤ መልስ ያስገድዳል። የሕዝብ ጣቢያን የሚያስተካክለው የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውም ያዘነ አድናቂ ሳይሆን አፈር የነካው እጅ ያለው ከፋይ ነው።